ከፎንቆ እስከ ስክሪን፦ የፊልም ጸሐፊው ሙያ፣ ገበያና ውል

በኢትዮጵያ ፊልም ላይ የሚቀርቡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዳይሬክተሮች፣ ስለ ተዋንያንና ስለ ሲኒማ ቤቶች ያትታሉ፤ ታሪኩን ያፈለቀውና ከመነሻው እስከ መጨረሻው በወረቀት ላይ ያቆመው የፊልም ጸሐፊ ግን ስሙ በፖስተሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ ይታለፋል። ጸሐፊው ሥራውን ለማን፣ እንዴትና በምን ውል እንደሚያቀርብ፣ ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ከሙያው እንጀራ የሚበላበት መንገድ መኖር አለመኖሩም በአዲስ አበባ እንኳን በቂ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ እንዲሁም በሀዲያ ዞን የአነሌሞ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ወደ ፎንቆ ሲወሰድ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፤ በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር ጸሐፊ ፕሮዲውሰሩም፣ ስቱዲዮውም፣ ፊልሙ የሚመረቅበት አዳራሽም ያሉት የብዙ ሰዓት ጉዞ በሚጠይቀው አዲስ አበባ ነውና። ይሁን እንጂ ዋናው መሰናክል ርቀቱ አይደለም። ዋናው መሰናክል የአማርኛ ፊልም ገበያ ጸሐፊ ብቻ ለሆነ ሰው በር ሳያበጅለት ማደጉ ሲሆን፣ ይህንን በር ለማስከፈት ጸሐፊው በእጁ ያለው መሣሪያ በአግባቡ የተዘጋጀ ወረቀትና በጽሑፍ የታሰረ ውል ነው።

የሁኔታው ሥር ታሪካዊ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ የትረካ ፊልም መሆኑ የሚነገርለት «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ለዕይታ ሲበቃ ድርሰቱን የጻፈው ኢላላ ኢብሳ የሥራው ዋና አንቀሳቃሽም እርሱ ራሱ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» እና የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የዳይሬክተሮቻቸው ፊልሞች ተብለው ይታወቃሉ እንጂ በጽሑፋቸው ባለቤት አይጠሩም። በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ጉልበቱን በአብዛኛው በዘጋቢ ፊልሞች ላይ ያዋለ ሲሆን፣ እንደ ሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ያሉ ጥቂት የትረካ ፊልሞችን አፍርቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርስ፣ ጽሑፍ የሚቀበልና የሚገመግም፣ ለጸሐፊም ደመወዝ የሚከፍል የመንግሥት ተቋም አብሮት ጠፋ። ይህ ኪሳራ ብዙም ሲነገርለት አይሰማም፤ ሆኖም የኋላው ገበያ መልክ የተቀረጸው በዚህ ክፍተት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጾ በሲኒማ አዳራሽ የሚታይ ፊልም ሲስፋፋ፣ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና የዮናስ ብርሃነ መዋ «ሄርሜላ» ዓይነት ሥራዎች ለአዲሱ ገበያ መንገድ ከፈቱ። ዘመኑ ያፈራው ሰው ግን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ገንዘብ አፈላልጎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ ሲኒማ ቤቱን ራሱ የሚያነጋግር ባለብዙ ድርሻ ሰው ነበር። ይህ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ያለ እርሱ ገበያው ባልተፈጠረ። ይሁንና በዚያው ልማድ ምክንያት በፖስተር ላይ «ደራሲና ዳይሬክተር» የሚለው ጥምር ማዕረግ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጠረ፣ ጽሑፍ ጽፎ ለሌላ ሰው ማስረከብም እንደ ግማሽ ሥራ ታየ። በ2000ዎቹ ገበያው ሲደራና በዓመት ወደ 100 የሚጠጉ አዳዲስ ፊልሞች ሲወጡ እንኳን፣ የጽሑፍ ፍላጎት ጨመረ እንጂ የጸሐፊው የመደራደር አቅም በዚያው ልክ አላደገም።

ጽሑፍ በተግባር እጅ የሚለውጥበት መንገድም ከዚህ ልማድ የመነጨ ነው። በአዲስ አበባ የፊልም መንደር ውስጥ ፕሮዲውሰር የሚባለው፣ ማለትም ለፊልሙ ገንዘብ የሚያወጣውና ሥራውን በበላይነት የሚመራው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ በሌላ ንግድ የተሰማራ ነው፤ አዲስ ሐሳብ የሚሰማውም በሚያምነው ዳይሬክተር ወይም ተዋናይ በኩል፣ በካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በቃል ነው። የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው፤ ማን ይጫወተዋል፣ ስንት ቦታ ይቀረጻል፣ በስንት ቀን ያልቃል። ከፎንቆ የመጣ ጸሐፊ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሌለው፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚያነበው አያገኝም። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይህንን በመጠኑ አለዝቦታል፤ «ገመና»፣ «ሰው ለሰው» እና «ዘመን» የመሳሰሉት ድራማዎች በየሳምንቱ አዲስ ክፍል የሚያስፈልጋቸው በመሆናቸው ጸሐፊው የሥራው ማዕከል ሆኗል፣ የ«ገመና» ደራሲ አዳነች ወልደገብርኤል ስሟ በተመልካች ዘንድ ሊታወቅ የበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማቅረብ ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎች ያሰሙት ተቃውሞ የዚህን በር መጥበብ ፈርቶ የተነሣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ አቦል ያሉ ጣቢያዎች የአገር ውስጥ ድራማ በትእዛዝ ማሠራት መጀመራቸው ሥጋቱን በከፊል አስታግሶታል።

ይህንን የቃል ገበያ መጋፈጥ የሚቻለው አቀራረቡን በማወቅ ነው። በሙያው ቋንቋ «ፒች» የሚባለው፣ አንድ ጸሐፊ ያልተሠራውን ፊልም በጥቂት ደቂቃ ተናግሮ ገንዘብ ያለውን ወይም ውሳኔ ሰጪውን ሰው እንዲያነብ፣ ካነበበም እንዲገዛ የሚያደርግበት አቀራረብ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ ወረቀቶች በርዝመት ይለያያሉ፤ ሎግላይን ታሪኩን በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ይይዛል፣ ሲኖፕሲስ መጨረሻውን ሳይደብቅ በአንድ ገጽ ያህል ይተርካል፣ ትሪትመንት ደግሞ ንግግሩን ትቶ ድርጊቱን በቅደም ተከተል በበርካታ ገጾች ያሳያል። ሙሉው ጽሑፍ የሚቀርበው እነዚህ ፍላጎት ከቀሰቀሱ በኋላ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ይህንን ቅደም ተከተል በመገልበጥ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው መቶ ገጽ አሳትመው ይዞራሉ፣ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ንገሩን ሲባሉ ግን ይጠፋባቸዋል።

ልዩነቱን ለማሳየት ከአካባቢው ሕይወት የተወሰደ አንድ ልብ ወለድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ፍልሰት ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ጀምሮ ሆሳዕናን በሐዋላ ገንዘብ የገነባ፣ ብዙ ቤተሰብንም በመንገድ በቀሩ ልጆች ያስለቀሰ ክስተት ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው መገኘታቸው ይህ የደቡቡ መንገድ ምን እንደሚያስከፍል ለዓለም አሳይቷል። በዚህ ላይ ፊልም የጻፈ ሰው «ፊልሙ የስደትን አስከፊነትና የቤተሰብን ፍቅር የሚያስተምር ልብ የሚነካ ታሪክ ነው» ብሎ ቢያቀርብ ፕሮዲውሰሩ የሚያየው ሰው፣ የሚከተለውም ድርጊት አያገኝም። ያንኑ ታሪክ «ጆሃንስበርግ ላለው የበኩር ልጇ ሙሽራ አጭታ የሰርጉን ቀን የቆረጠች የፎንቆ እናት፣ የልጇን ሞት የደበቀው ታናሽ ወንድሙ በሟቹ ስም ገንዘብና መልእክት እየላከላት ሙሽሪትን ይዛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ትነሣለች» ብሎ ቢያቀርበው ግን ሦስት ሰዎች፣ አንድ ምስጢርና አንድ የማይገፋ ቀን በአንዴ ይታያሉ። ወንድምየው መቼ ይናገራል የሚለው ጥያቄም ሰሚውን ይዞ ያስቀረዋል። ከዚህም በላይ ብዙው ቀረጻ በአንድ ግቢና በስልክ ጥሪ ሊያልቅ መቻሉ ስለ ወጪ የሚነሣውን ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመልሳል። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» በአገር ውስጥም በውጭም ትኩረት የሳበው በተመሳሳይ ብርታት ይመስላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱበት የነበረው የጥንቱ ሥርዓት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲነገር ግጭቱም ምስሉም የተሟላ ነውና።

በሙሉው ጽሑፍ አዘገጃጀት ላይ አንድ ችላ የተባለ ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ትዕይንት ውስጥ ወይም ውጪ መሆኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን በሚገልጽ ርእስ ይጀምራል፣ ለምሳሌ «ውስጥ፣ የእናት ቤት፣ ማታ» ተብሎ፤ ከሥሩ የሚታየውና የሚሰማው ብቻ ይጻፋል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ይሆናል የሚለው ዝነኛ መለኪያ ግን የወጣው እኩል ስፋት ባላቸው የላቲን የመኪና ፊደላት ከተጻፈ ገጽ ነው፤ በግዕዝ ፊደል አንድ ቃል የሚይዘው ቦታ የተለየ በመሆኑ መለኪያው በቀጥታ አይሠራም። ስለዚህ ጸሐፊው ጽሑፉን በድምፅ እያነበበ፣ የድርጊቱንም ጊዜ እየገመተ በሰዓት ቢለካው የተሻለ ነው፤ ጽሑፉ ዘጠና ደቂቃ ነው ብሎ አቅርቦ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሆኖ የተገኘ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ለመታመን ይቸገራል።

ከአቀራረቡ ባልተናነሰ ትኩረት የሚያስፈልገው ደግሞ መብት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለጸሐፊው ያደላ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ምዝገባ ሳያስፈልግ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ የገንዘብ ጥቅም የሚያስገኘው መብት በጸሐፊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ በስሙ የመታወቅ መብትም የሞራል መብት ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። ነገር ግን ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። በካፌ በቃል የተነገረ ታሪክ በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ ተለውጦ ቢገኝ መከራከር እጅግ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከንግግሩ በፊት በኢሜይል የተላከ፣ ቀኑ የሚታይ ሲኖፕሲስ ግን ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም መብት ባይፈጥርም ማስረጃን ያጠናክራል። ከፎንቆ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ ለአምስትና ለስድስት ሰው ታሪኩን የሚያወራ ጸሐፊ ይህንን ሳያደርግ መሄዱ ራሱን ለጉዳት ማጋለጥ ነው፤ ሌብነትን መጠርጠር ነውር የሚመስለው ይሉኝታም እዚህ ላይ ቦታ ሊሰጠው አይገባም።

ውሉን በተመለከተ በአብዛኛው የሚታየው ልማድ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ክፍያ ተሸጦ ጸሐፊው ከሥራው መለየቱ ነው። ጥሩ ውል የሚሸጠውን ነገር ይወስናል፤ የተሸጠው ለአንድ ፊልም ብቻ ነው ወይስ ወደ ተከታታይ ድራማ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ፣ በዩቲዩብ ለሚለቀቅ ቅጂም ጭምር የሚለው በግልጽ መቀመጥ አለበት። ክፍያው በፊርማ ጊዜ፣ ጽሑፉ ሲረከብና ቀረጻ ሲጀመር ተከፋፍሎ ቢሰጥ ሁለቱም ወገን ይጠበቃል። ጽሑፉን ማን ያሻሽለዋል፣ ሌላ ጸሐፊ ከተጨመረስ ስሙ እንዴት ይሰፍራል የሚለው አስቀድሞ ካልተነገረ በፖስተር ላይ ጠብ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን የመመለሻ አንቀጽ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ፊልሙን ካልሠራው መብቱ ወደ ጸሐፊው ይመለስ የሚል ቃል ከሌለ፣ አንድ ጥሩ ታሪክ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ለዘለዓለም ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

እውነተኛ ታሪክ ላይ የሚጽፍ ሰው ሌላ ኃላፊነትም አለበት። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀውና ጠለፋን የመከተች አንዲት ልጅ ከደረሰባት ተነሥቶ የተጻፈው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ቢያገኝም፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል የታሪኩ ባለቤት ባቀረበችው አቤቱታ ምክንያት በፍርድ ቤት እግድ ቆሞ ነበር፤ ለሕዝብ የታየውም ጉዳዩ መፍትሔ ካገኘ በኋላ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰን ሰው ወይም ልጇን ያጣችን እናት አነጋግሮ ለሚጽፍ የሆሳዕና ጸሐፊ ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል። በትንሽ ከተማ ሰው ስሙ ቢቀየርም ይታወቃል፤ ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል፣ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር አብሮ መስማማት የሰው ክብር ጉዳይ ነው።

አንድ ጽሑፍ መሸጥና በሙያው መዝለቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መደበኛ ትምህርቱ በ1970ዎቹ መባቻ ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ጀምሮ እስከ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ይዘልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረውና ናይሮቢን ማዕከል ያደረገው የመልቲቾይስ ታለንት ፋክተሪ የምሥራቅ አፍሪካ ሥልጠናም ኢትዮጵያውያንን ይቀበላል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የጉማ ሽልማት የፊልም ጽሑፍን ለብቻው መሸለሙ የጸሐፊውን ስም ያወጣል፤ የ«ረቡኒ» ደራሲና ዳይሬክተር ቅድስት ይልማ ከተመልካች ባሻገር በሙያው ዘንድ ክብር ካገኙት አንዷ ናት። ያም ሆኖ የእርሷም መንገድ ጽሑፍን ከዝግጅት ጋር ያጣመረ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለጸሐፊነት የተሰጠው ከፍተኛው ዕውቅና የመጣው ከውጭ ነው፤ ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ከዳኞች ልዩ ሽልማት ጋር ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ይፋዊ ምርጫ የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ በዓለም አቀፉ ገበያ አንድ ፊልም ከመሠራቱ ከዓመታት በፊት በጽሑፍ ደረጃ ለገንዘብ ሰጪዎች የሚቀርብባቸው መድረኮች አሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የደርባን ፊልም ማርት ለአፍሪካውያን ከሁሉ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነው። በእነዚህ መድረኮች የሚወዳደረው ወረቀት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ዘመድ የሌለው ጸሐፊ ከአዲስ አበባው ካፌ ይልቅ እዚያ የተሻለ ዕድል ሊያገኝ መቻሉ በሚገባ ያልታሰበበት ጉዳይ ነው።

ወደ ሀዲያና ከምባታ ከተሞች ሲመለሱ የመጀመሪያው የሥራ ሜዳ ሬዲዮ መሆን ይችላል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በኢትዮጵያ ያሠራው «የቀን ቅኝት» የተባለው የአማርኛ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ፣ ጸሐፊዎች በጥናት ላይ ተመሥርተው ገጸ ባሕርይ እንዲቀርጹና በየሳምንቱ እንዲያስረክቡ የሚያስገድድ ሥርዓት ነበረው፤ እንዲህ ያለው የማያቋርጥ የማስረከብ ግዴታ ጸሐፊን የሚያፈራውን ያህል ሌላ ምንም አያፈራውም። በሀዲይሳና በከምባትሳ የሚተላለፉት የሬዲዮ ፕሮግራሞች አጫጭር ድራማዎችን በክፍያ ቢያስጽፉ፣ በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጽሑፍ ዐውደ ጥናት ቢጨምርበት፣ አካባቢው በጥቂት ዓመታት የራሱ ጸሐፊዎች ይኖሩታል። ካሜራው አስቀድሞ አለ፤ በሰርግና በመዝሙር ክሊፕ ቀረጻ እጃቸውን ያፍታቱ ወጣቶች በየከተማው ይገኛሉ፣ የሚጎድላቸው የሚቀርጹት ጽሑፍ ነው።

የታሪክ ሀብቱ ሰፊ ነው። በሀዲያ ገዥ (ገራድ) ቤት ተወልዳ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር የተጋባችው፣ በኋላም በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችው እቴጌ እሌኒ ለማንኛውም ጸሐፊ የምታጓጓ ሰው ናት። ሆኖም ቤተ መንግሥት፣ ፈረሰኛና የዘመን ልብስ የሚጠይቅ ታሪክ ለማይታወቅ ጸሐፊ የመጀመሪያ ፒች ሊሆን አይገባውም፤ ስሙ ከተተከለ በኋላ የሚያወጣው ሥራ ሆኖ ቢቆየው ይሻላል፣ እስከዚያም ምርምሩን ማካሄድ ይችላል።

የቋንቋ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ጋር የተሳሰረ ነው። የአዲስ አበባ ገበያ አማርኛ ይፈልጋል፣ የፎንቆዋ እናት ግን ከልጇ ጋር የምታወራው በሀዲይሳ ነው፤ እርሷን በአማርኛ ብቻ ማናገር ታሪኩን ከመሬቱ ይነቅለዋል። በሐረር ዙሪያ በጄሲካ በሺር የተሠራው «ፋያ ዳዪ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ እየተናገረ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሰንዳንስ ተነሥቶ ዓለምን መዞሩ ብዙ ቋንቋ ለፊልም እንቅፋት እንዳልሆነ ያሳያል። በተግባር የሚሻለው የድርጊቱን ገለጻ በአማርኛ፣ ንግግሩን ደግሞ በሁለት ዓምድ በሀዲይሳና በአማርኛ ጎን ለጎን መጻፍ ነው፤ እንዲህ የተዘጋጀ ጽሑፍ የአዲስ አበባው ፕሮዲውሰር ሳይቸገር ያነበዋል፣ የሆሳዕናው ተዋናይም ቃሉን በአፍ መፍቻው ያገኘዋል፤ የትኛው ትዕይንት በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀረጽም ገና ውሉ ሲፈረም ሊወሰን ይችላል።